ከጉልበት በታች ያለው ጋዝ

እህቴ ፊርማዬን ለባሏ ስትሰጠው የሰማሁት መታጠቢያ ቤት ሆኜ ጥርሴን ስቦርሽ ነው። ግድግዳው ቺፑድ ነው፤ በዚያ በኩል ማንኪያ ሲወድቅ በዚህ በኩል ስንት ጊዜ እንደነጠረ መቁጠር ይቻላል። «ትፈርማለች አልኩህ እኮ!» አለች እህቴ። «አሳድጌያት፣ አስተምሬያት፣ ዛሬ አንድ ወረቀት ላይ ስሟን መጻፍ ያቅታታል?» ባሏ ምን እንደመለሰላት አልተሰማኝም፤ እያኘከ ነው የሚናገረው። እሷ ግን ቀጠለች። «እኔ እነግራታለሁ። አንተ ሸሚዝህን ልበስ።» የአፌን አረፋ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፊርማ የሰው የግሉ ይመስለኝ ነበር። ለካ የእኔ ፊርማ እንደ ሳህንና እንደ ብርጭቆ የቤት ዕቃ ኖሯል፤ የፈለገ ሰው ከመደርደሪያ አንስቶ ይጠቀምበታል።

የምን ፊርማ እንደሆነ ልናገር። የእህቴ ባልና እኔ የምንሠራው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ከፀሐይ በሚሰበስበው ኤሌክትሪክ ውሃ ይሰነጥቅና ሃይድሮጂን የሚባል ጋዝ ያወጣል። አረንጓዴ ሃይድሮጂን ይሉታል፤ ሲመረት ስለማያጨስ ነው እንጂ ጋዙስ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ በቀን ብርሃን ሲነድ እንኳ ነበልባሉ ለዓይን አይታይም። የእህቴ ባል የማሽኑ አዳራሽ ኃላፊ ነው፤ እኔ የደህንነት ተቆጣጣሪ ነኝ። ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት አርባ አንድ ጥያቄ ያለበት ፎርም ይሞላል። አርባ አንዱንም በዓይኔ አይቼ ከታች ካልፈረምኩ ማሽኑ አይነሳም። ፋብሪካው ሥራ የሚጀምረው ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ጋዙን የሚገዙ እንግዶች ይመጣሉ፣ የሠራተኛው ቤተሰብም ተጋብዟል። አርባውን ጥያቄ ጨርሻለሁ። የቀረው አንድ፣ የአዳራሹ ነው። ከትናንት ወዲያ ልገባ ስል «ወለሉ ቀለም ተቀብቷል፣ አልደረቀም» ተባልኩ። ትናንትም «አልደረቀም» ተባልኩ። እንዲህ ያለ የማይደርቅ ቀለም ከየት እንደተገዛ እንጃ። በሩ ላይ ቆሞ የመለሰኝ የእህቴ ባል ራሱ ነው፤ ማታ ቤት ስንገባ ደግሞ ስለ ቀለሙ አንድም ቃል አልተነሳም። በእኛ ቤት ነገር ሁሉ ሆድ ይፍጀው ነው።

ወጥቼ ጠረጴዛው ላይ ስቀመጥ ሁለቱም ስለ እንቁላል ያወራሉ። «በሳምንት ውስጥ ሁለቴ ጨመረ» አለች እህቴ። «ዶሮዋ ምን አዲስ ነገር ጀመረች?» አለ ባሏ፤ ሳቅን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንዱ ሻይ ሊቀዳ ሲነሳ ሌላው ወንበሩን መሳብ አለበት፤ ስለዚህ ሳቃችንም ዝምታችንም ይጋፋል። በሩ ላይ ለዛሬ ብላ ያሰፋችው ቢጫ ቀሚስ ተሰቅሏል፤ የልብስ ሰፊው ሂሳብ ከጨርቁ ይበልጣል ብላ ሳምንቱን ሙሉ ስትበግን ነበር። እህቴ ሳትጠየቅ ሁለተኛ እንቁላል ሳህኔ ላይ አስቀመጠች። «ብዪ፤ ዛሬ ረጅም ቀን ነው» አለች። እንቁላሉ ጉቦ መሆኑን ሦስታችንም እናውቃለን። በላሁት።

«እትዬ፣ ምረቃው ላይ የምትቆሙት አዳራሹ ውስጥ ነው?» አልኳት።

«ከፊት ነው እንጂ! ለእንግዶቹ አበባ የምሰጠው እኔ ነኝ» አለችና ዓይኗን ከዓይኔ አሸሸች። «ለጋሼሽ ዛሬ ትልቅ ቀን ነው። ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ማወቁ ነው የሚያበግነኝ። ጋሼ የምለው ባሏ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። እዚህ ከመግባቱ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቶ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ከርሟል። አሁንም በየስድስት ወሩ በሚታደስ ኮንትራት ነው የሚሠራው። ሥራ አስኪያጁ «የምረቃው ቀን ያለ እንከን ይለፍ እንጂ ቋሚ አደርግዎታለሁ» ብሎታል። እኔ ደግሞ እስከ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት በእሱ ደመወዝ ነው። እንግዲህ ዛሬ አልፈርምም ብል የማንን እጅ እንደነከስኩ ሰፈሩ ሁሉ ያወራዋል። የሚበላኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ በር ላይ ቆሞ ካላስገባሽ ከበሩ በስተጀርባ አንድ ነገር አለ።

በእሱ አሮጌ መኪና ሄድን። እህቴ ከሌሎቹ ቤተሰቦች ጋር ፋብሪካው በላከው አውቶቡስ ትመጣለች። የመኪናዋ መስኮት ከተበላሸ ዓመት አለፈው፤ አቧራውን እየዋጥን ነው የምንጓዘው። «ቀለሙ ደረቀ ጋሼ?» አልኩት። «ደረቀ።» «እንግዲያው ዛሬ አየዋለሁ።» «እዪ። ማን ከለከለሽ?» አለ። ማን እንደከለከለኝ ልነግረው ከንፈሬ ላይ መጣ፤ ምራቄን ዋጥኩ።

ሠራተኛው ለሁለታችንም ስም አውጥቶልናል። እኔን «ክልክል» ይሉኛል፤ በየግድግዳው «ማጨስ ክልክል ነው»፣ «ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው» እያልኩ የምለጥፈው እኔ ስለሆንኩ ነው። ስመጣ «ክልክል መጣች» ብለው ሲጋራቸውን ይደብቃሉ። እሱን ደግሞ «ጋሽ ቡታ» ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት የቡታጋዝ ሲሊንደር በሚሞላ ድርጅት ውስጥ ስለሠራ ነው። ስለ ጋዝ ክርክር ከተነሳ ጋሽ ቡታ ይጠራል፤ የእሱ ቃል የመጨረሻ ነው። ሦስት ጊዜ ስለ ሃይድሮጂን ሥልጠና ሰጥቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ ነበር፤ የመገኘቱን ወረቀትም ፈርሟል። ሲወጣ ግን ለአዳራሹ ሠራተኞች «ይኼ ለቢሮ ሰው የሚነገር ነው» እንዳላቸው በኋላ ሰማሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

አዳራሹ ውስጥ ስገባ በእውነት ወለሉ ያምራል። ግራጫ ቀለሙ ያንጸባርቃል፤ ፊቴን አየሁበት። ስለዚህ ወዲያው ወደ ላይ አላየሁም። የቀሰቀሰኝ ጸጥታው ነው። የእኛ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ጋዝ የሚወጣባቸው ስድስት ሰፋፊ መተንፈሻዎች አሉ፤ እርግቦች እዚያ ስለሚያርፉ ከጠዋት እስከ ማታ ጉር ጉር ይላሉ፣ ወለሉንም ያበላሹታል። ዛሬ አንድም ድምፅ የለም። ቀና ብዬ አየሁ። ስድስቱም መተንፈሻዎች በአዲስ ቆርቆሮ ተከድነዋል። ቡለኖቹ እኩል ለእኩል፣ ጠርዙ በማስቲሽ የተለሰነ፣ የዝናብ ጠብታ የማያስገባ ሥራ። ከዚያ ጠቋሚዎቹን ፈለግሁ። ጋዝ ሲያመልጥ ጮኸው ማሽኑን በራሳቸው የሚያጠፉ አራት ጠቋሚዎች አሉን፤ እኔ ራሴ ቆሜ ጣሪያው ሥር ነው ያስተከልኳቸው። ቦታቸው ላይ ያለው የቡለን ቀዳዳ ብቻ ነው። ዞር ዞር ብዬ ሳይ፣ አራቱም በአራቱ ግድግዳ ላይ ከጉልበት በታች ወርደው ተተክለዋል። ሽቦው በወጉ ተጎትቶ በየስንዝሩ ታስሯል። ታችኞቹ በሮች ደግሞ ወለል ብለው ተከፍተው እንዳይዘጉ በሽቦ ተይዘዋል። ግዴለሽ ሰው ቢሠራው ይገባኝ ነበር። ይህን የሠራው የተጠነቀቀ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ጠቋሚዎቹ ምን ሆነው ወረዱ?» አልኩት። ድምፄን ዝቅ ለማድረግ ሞክሬ ነበር።

«ያለ ቦታቸው ነበራ» አለ። «ባለፈው ሳምንት አንቺ ሳትኖሪ ማሽኑን ለደቂቃ ስንሞክር በዚያኛው ጥግ ያለው ጩኸቱን ለቀቀብን፤ ጆሯችንን አደነቆረው። ጋዝ እዚያ ላይ ምን ይሠራል? ወፍ ነው እንዴ? አወረድኩት። ከወረደ ወዲህ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ዳነ።»

ዳነ! ይኸውም ማለት ከሳምንት በፊት ከማሽኑ ጋዝ አምልጧል፤ ጠቋሚው ተግቶ ተናግሯል፤ ጋሼም ጠቋሚው የታመመ መስሎት አክሞታል። አሁን ማሽኑ ሲነሳ ጋዙ እያመለጠ ጠቋሚው አይሰማም፤ ጋዙ ጣሪያው ሥር ይከማቻል እንጂ መውጫ የለውም። ከአዳራሹ አየር ከመቶ አራት እጅ ከሆነ አንዲት የመብራት ብልጭታ ትበቃዋለች። ከዚያ ጣሪያ ሥር ደግሞ ዛሬ ስድሳ ሰው ይቆማል፤ ከፊት ቢጫ ቀሚስ ለብሳ አበባ የያዘች እህቴ አለች።

«ጋሼ፣ ጠቋሚው አልታመመም፤ ጋዝ አምልጦ ነው የጮኸው። ይኼኛው ጋዝ እንደ ቡታጋዝ አይደለም። ከአየር አሥራ አራት ጊዜ ይቀላል። እንደወጣ ሽቅብ ነው። ጣሪያው የተከፈተው ለእርግብ አይደለም፣ ለእሱ ነው!»

«ጋዝ ከባድ ነው» አለኝ፣ እንደ ልጅ ሊያስረዳኝ ረጋ ብሎ። «እንደ ውሃ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። የሰው እግር ይፈልጋል። ሳታዪው ከጉልበትሽ ሥር ነው። ለዚህ ነው በሮቹን ከታች ያስከፈትኩት፣ ጠቋሚውንም ያወረድኩት። እኔ ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩም።» ሁለት ሠራተኞች መሰላል ተደግፈው ይስቃሉ። «ክልክል፣ ጋዝ ለጋሽ ቡታ ልታስተምሪው?» አለ አንዱ። ለቡታጋዝ ከሆነ የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፤ አንዲት ስህተት የለበትም። ቡታጋዝ ቢሆን ኖሮ ከእሱ የተሻለ የደህንነት ሰው በአገር አይገኝም ነበር። አናቴ እስኪፈነዳ የተናደድኩት ለዚህ ነው። ምንም የማያውቅ ሰው ይሰማሻል፤ ሌላ ነገር አጥብቆ የሚያውቅ ሰው ግን አይሰማም።

ሥራ አስኪያጁ ሽቶውን አስቀድሞ ደረሰ። ሰዓቱን አየ፣ ፎርሙን አየ፣ ባዶውን ቦታ አየ። «እርግቦቹን አስወግዱልኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «እንግዶቹ ትከሻ ላይ ይኩሱ? አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ማሽኑ ይነሳል፣ ይጨበጨባል፣ ይጠፋል። ነገ ጣሪያውን ስድስት ቦታ ሳይሆን አሥር ቦታ ክፈቺው። ፈርሚ።» ጋዙ ሰዓት አያይም አልኩት። ይህ የእርግብ ጉዳይ አይደለም፤ ማሽኑ ያፈሳል፣ ከየት እንደሆነም አናውቅም አልኩት። «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስትሠሪ ነበር?» አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ቀለም ሲደርቅ ስጠብቅ ነበር ልለው ወደ ጋሼ አየሁ፤ ጋሼ የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካል። ዋጥኩት። ስንቱን ነገር እንደዋጥኩ ሆዴ ይቁጠረው።

ፎርማችን ላይ አንድ መስመር አለ። ተቆጣጣሪዋ ካልፈረመች ሥራ አስኪያጁ «በራሴ ኃላፊነት» ብሎ መፈረም ይችላል፤ ወይም የአዳራሹን ኃላፊ ይወክላል። «እንግዲያው እርስዎ ይፈርሙ» አልኩና ጣቴን መስመሩ ላይ አደረግሁ። ብዕሩን አወጣ። ክዳኑን ከፈተ። «በራሴ ኃላፊነት» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሲያነበው ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ክዳኑን መልሶ ዘጋ። ከዚያ እንደ ማር በጣፈጠ ድምፅ ወደ ጋሼ ዞሮ «አዳራሹ የእርስዎ አይደል? እርስዎ ይፈርሙ እንጂ» አለ።

ጋሼ ብዕሩን ተቀበለ። ሥራ አስኪያጁ ቁማር እየተጫወተ እንደሆነ ያውቃል፤ ጋሼ ግን በሙሉ ልቡ ያምናል፤ ሚስቱንም ራሱንም ከዚያ ጣሪያ ሥር የሚያቆመው አምኖ ነው። በዚህ መሀል አውቶቡሱ ደረሰ፤ ቤተሰቦቹ ግቢው ውስጥ ተበተኑ። ቢጫው ቀሚስ አበባ ታቅፎ ወደ እኛ መጣ። «ፈረምሽ?» አለችኝ እህቴ በጆሮዬ። አልፈረምኩም አልኳት። ከጣሪያው በታች የምትቆሚው አንቺ ነሽ እትዬ፣ ገብቶሻል? አልኳት። «ባሌ እዚያ ይቆም የለም እንዴ?» አለች፤ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልገው ሰው መኖሩ የገረማት ትመስል ነበር። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ መጮህ አማረኝ።

«ጋሼ፣ ከመፈረምህ በፊት አምስት ደቂቃ ስጠኝ» አልኩት። ምን እንዳየብኝ አላውቅም፤ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ እንደያዘ ቆመ። ወደ ላብራቶሪው ሮጥኩ። ለፍተሻ የምንጠቀምበት ትንሽ የሃይድሮጂን ሲሊንደር አለ። ዘበኛው ቁርሱን ከቋጠረበት ስስ ፌስታል ዳቦውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለትና ፌስታሉን በጋዝ ሞላሁት፤ አፉን በክር አሰርኩ። በራሴ ደንብ ይህ ሥራ ጥርት ያለ ክልክል ነው። ግቢው መሀል፣ ከአዳራሹ ርቄ፣ ሰዉን ወደ ኋላ አስገፍቼ ጋሼን ጠራሁትና ፌስታሉን አስያዝኩት። «ያው ጋዛችን ነው» አልኩት። «ልቀቀው።»

ጎንበስ አለ። ፌስታሉን እግሩ ሥር፣ መሬቱ ላይ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ አድርጎ አስቀመጠውና እጁን አነሳ። ፌስታሉ አልቆየም። በአፍንጫው ፊት አልፎ፣ ከራሱ በላይ፣ ከአዳራሹ ጣሪያ በላይ ወጣ። ከቤተሰቦቹ መካከል አንድ ሰው አጨበጨበ፤ የምረቃው ዝግጅት መስሎት ነው። ጋሼ ፌስታሉ ከዓይን ከጠፋ በኋላም ሽቅብ እያየ ነበር። ቀጥሎ የአዳራሹን ጣሪያ አየ። ቀጥሎ ሚስቱን አየ። ብዕሩን ለሥራ አስኪያጁ መለሰለትና መሰላል እንዲያመጡለት ጠየቀ።

እንግዶቹ ሲደርሱ ያዩት አዲስ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሽማግሌ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቡለን ሲፈታ ነው። «የመጨረሻ ማስተካከያ ነው» አላቸው ሥራ አስኪያጁ። ማሽኑን ከሩቅ አሳያቸው፤ የፀሐይ ሰሌዳዎቹን እየዞሩ አዩ፤ የታሸገ ውሃ ጠጥተው ሄዱ። እህቴ ቆርቆሮው እየወረደ ሲንኳኳ ስትሰማ ቆይታ «ሰው ፊት!» አለችኝ። «ምናለ ቤት ብትነግሪው?» ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ፣ አስፈርሜዋለሁም አልኳት። «ወንድ ልጅ በዚህ ዕድሜው ጣሪያ ላይ!» አለች፤ እንባዋ መጣ። አበባውን ለማን እንደምትሰጥ ጠፍቷት ለዘበኛው ሰጠችው። ልክ ሆኖ መገኘት እንዲህ የሚያስጠላ ነገር መሆኑን ማንም አልነገረኝም።

ጠቋሚዎቹን ወደ ጣሪያው መለስናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ከአዳራሹ ወጥቶ ማሽኑን በትንሹ አስነሳነው። አራት ደቂቃ አልሞላም፤ ያ የዳነው ጠቋሚ እሪ አለና ማሽኑን አጠፋው። አየሩ ከጠራ በኋላ ጋሼ በሳሙና ውሃ የተነከረ ጨርቅ ይዞ እያንዳንዱን መጋጠሚያ አንድ በአንድ አበሰ፤ ከማሽኑ ጀርባ አንዱ ላይ አረፋው ፍል ፍል ሲል ያገኘው እሱ ነው። ውስጡ ያለችው፣ የጣት ቀለበት የምታክል የጎማ ቀለበት፣ ጠማማ ተቀምጣለች። «ይቺ ናት» አለ። ቀየርናትና ማሽኑን እንደገና አስነሳነው። ጠቋሚው ዝም አለ፤ አሁን የምር ዝም አለ። ጠዋት ሲስቁ ከነበሩት ሠራተኞች አንዱም ጥሩ አደረግሽ አላለኝም፤ አንዱ ግን ሳልነግረው ሲጋራውን ከኪሱ አውጥቶ ለዘበኛው ሰጠ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ጋሼን አስጠራው። ሲመለስ «ከነገ ጀምሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ነኝ» አለኝ። ኮንትራቱ ሲያልቅ ደግሞ ያኔ ይታያል ተብሏል። ደሜ ፈላ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው። ቢሮው ገብቼ እርግቦቹን ያስባረሩት እርስዎ መሆንዎን ሪፖርቱ ላይ እጽፋለሁ አልኩት። «ጻፊ» አለኝ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል። ጻፍኩ። ጋሼ ግን ያው ግምጃ ቤት ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ተጨናንቋል። እኔ ከፊት፣ እህቴ ከኋላ ነን፤ ቢጫ ቀሚሷን እንዳይጨማደድ ጉልበቷ ላይ ሰብስባ ይዛዋለች። የጋሼ ሸሚዝ ደረቱ ላይ በቆርቆሮ ተቀዷል። ስለ እንቁላል እንኳ የሚያወራ ሰው ጠፋ። ግማሽ መንገድ ላይ መኪኖቹ ጭራሽ ቆሙ።

«ጋዙ አዳራሹ ውስጥ ቢያመልጥ» አለ ጋሼ፣ ከፊቱ ያለውን መኪና እያየ፣ «ሰው ምን ያድርግ ነው የምትዪው?»

ይኼኔ በገንኩ። ሦስት ሥልጠና፣ በየግድግዳው ሥዕል፣ አንድ የተበላሸ ቀን፤ ጥያቄው ዛሬ ማታ መኪና ውስጥ መጣለት። «ተናግሬዋለሁ እኮ ጋሼ! ዝቅ ማለት ነው። ዝቅ ብሎ ወደ በር መውጣት። ካቃተው መሬት ላይ ይተኛ፤ ጋዙ ላይ ነው።»

«ይተኛ» አለ።

«አዎ፣ ይተኛ።»

«ወንድሜን ተኛ አልኩት» አለ። ድምፁ አልተለወጠም፤ የመንገድ አቅጣጫ የሚናገር ነበር የሚመስለው። «ቡታጋዙ ድርጅት ጋ። የአንዱ ታንክ መዝጊያ ተሰበረና ነጭ ጉም ወጣ። ጭስ መሰለኝ። ጭስ ሲሆን ተኛ አይደል የሚባለው? እኔ መኪናው ላይ ነበርኩ፣ ሲሊንደር ስጭን። ከላይ ሆኜ ተኛ! ተኛ! አልኩት። ታዛዥ ነበር፤ ተኛ። ጋዙ ለካ እዚያ ታች ነው ያለው። ከጎን ሻይ የምታፈላ ሴት ነበረች፤ እሳቱ ከምድጃዋ ነው የተነሳው። እኔን ፀጉሬን እንኳ አልነካኝም። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ጋዝ ያወቅኩት። እና አሁን ደግሞ ትክክሉ መተኛት ነው ትዪኛለሽ።»

ቀኑን ሙሉ በልቤ ደንቆሮ ስለው የዋልኩትን ሰው ዞሬ ማየት አፈርኩ። ያኔ ሌላ ጋዝ ነው ጋሼ፣ ያኔ የተማርከው ልክ ነው ልለው ፈለግሁ፤ ልክ መሆኑ ደግሞ ምን ይጠቅመዋል?

«ልቡ ነው የገደለው ብለኸኝ ነበር» አለች እህቴ ከኋላ። «አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ። ልቡ ደክሞ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«እና ምን ልበልሽ?» አለ ጋሼ። «ተኛ ያልኩት እኔ ነኝ ልበልሽ?»

እህቴ መኪናው እንደቆመ በሩን ከፍታ ወረደች፤ በተጠጋጉት መኪኖች መሀል በጎን ሾልካ መጥታ የእኔን በር ከፈተችው። ቀሚሷ የመኪናውን አቧራ ጠርጎታል።

«ወደ ኋላ ሂጂ» አለችኝ።

ወርጄ ከጋሼ ጎን ያለውን ቦታ ለቀቅኩላት።